ጭረት የደረሰበትን የአሉሚኒየም ቸርኬ በቤት ግቢ ማደስ

ደሴ ውስጥ መኪና የሚያቆም ሰው ከዳገት አያመልጥም። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ የትኛውም ሰፈር ቢታጠፍ መንገዱ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ነው፤ በመሆኑም ጥንቁቅ አሽከርካሪ ቁልቁል ሲያቆም የፊት ጎማዎቹን ወደ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ ሽቅብ ሲያቆም ደግሞ ከጠርዙ ወደ ውጭ ያዞርና መኪናው ጠርዙን ተደግፎ እንዲቆም ያደርጋል። ልማዱ ትክክል ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ቢለቅ መኪናውን የሚይዘው ያ ጠርዝ ነውና ማንም እንዲተወው አልመክርም። ችግሩ የሚመጣው የጎማው ንፋስ ሲጎድል ወይም የጎማው ጎን አጭር ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን የሚያገኘው ላስቲኩ መሆኑ ቀርቶ የቸርኬው ከንፈር፣ ማለትም የዳሩ ቀለበት፣ ይሆናል። በዚህ ላይ ለጥንቃቄ ከጎማ ሥር የሚወሸቀው ድንጋይ፣ ኮብልስቶን ላይ ጫፉ ወጥቶ የቀረ ጥርብ ድንጋይና ክዳኑ የተሰበረ የጎርፍ ቦይ ሲጨመሩበት፣ ጥቂት ዓመት ደሴ ላይ የተነዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ ሳይፋቅ መገኘቱ ብርቅ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጭረት የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። የፋብሪካ ቸርኬ ግን ከብረቱ በላይ ሦስት ልብስ የለበሰ ነው፤ ከታች ፕራይመር፣ በመሃል ቀለም፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው መስታወት መሰል ሽፋን አለ። ድንጋዩ ሦስቱንም ቀዶ አሉሚኒየሙን ሲያራቁተው ውሃ በተቀደደው በኩል ይገባል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት ባያወጣም ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱም በክሊሩ ሥር እንደ ትል እየተጥመለመለ፣ ደህናውን ቀለም እያነሳ ይሄዳል። ከፍሬን ሸራና ከፍሬን ዲስክ የሚረግፈው ትኩስ የብረት ብናኝም በተራቆተው ቦታ ላይ እየተጣበቀ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በጊዜው ቢያዝ በሁለት ቀን የሚታረም ጭረት ሁለት ክረምት ካለፈበት ቸርኬውን በሙሉ መላጥ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህ በታች የምገልጸው ያለ ኮምፕሬሰር፣ በእጅና በጣሳ ስፕሬይ፣ በቤት ግቢ ውስጥ የሚሠራውን አሠራር ነው።

ጭረት ነው ወይስ ስንጥቅ

ብርጭቆ ወረቀት ከመያዝዎ በፊት ቸርኬው በቤት ሊታደስ የሚገባው መሆኑን ያረጋግጡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ያወርዳል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የመኪናውን ክብደት፣ የፍሬኑን ሙቀትና የመታጠፊያውን ጫና የሚሸከመው ቸርኬው ነው። የተሰነጠቀ ቸርኬን ጉድጓድ በሚሞላው ልስን፣ በስቱኮ፣ እና በቀለም ሸፍኖ ወደዚያ መንገድ ማውጣት በሰው ሕይወት መወራረድ ነው።

ቸርኬውን በሳሙናና በውሃ አጥበው ካደረቁ በኋላ የስልክዎን መብራት ከገጹ ጋር አስተካክለው አግድም ያብሩበት፤ ፊት ለፊት የሚያበራ ብርሃን የሚደብቀውን አግድም ብርሃን ጥላ እየሰጠ ያወጣዋል። የክንዶቹን ሥርና የቡሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ፣ በተለይም ወደ መኪናው ሆድ የሚያየውን የጀርባ ገጽ ይመልከቱ፤ ጉድጓድ ወይም ቦይ የመታው ቸርኬ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በዚያ በማይታየው የውስጥ ከንፈር በኩል ነው። ጭረት ድንጋዩ የሄደበትን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፣ ገጹም ሰፊና ሻካራ ነው። ስንጥቅ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሲሆን ከጭረቱ አልፎ ወደ ደህናው ብረት ይዘልቃል። ጎማው ንፋስ እንደያዘ በከንፈሩ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ይቀቡና ጥቂት ይጠብቁ፤ እየተነፋ የሚፈነዳ አረፋ ካዩ ንፋስ እያመለጠ ነው።

አንድ አዛውንት ጎሚስታ፣ ጎማው የወለቀለትን ቸርኬ በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው በመዶሻ የእንጨት እጀታ ሲመቱት ቆሜ አይቻለሁ። «ስማው ልጄ፤ ደህናው እንደ ደወል ይዘልቃል፣ የተሰነጠቀው ደግሞ ታፍኖ ይቀራል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ በድምፁ ይለያል?» ብዬ ስጠይቃቸው «አብሽር፣ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ በዓይንህም በሳሙናም እየው» ብለው ቸርኬውን በእጄ አስያዙኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም ሳላደርግ ሥራ ጀምሬ አላውቅም።

ስንጥቅ፣ መጣመም፣ የቡሎን ቀዳዳ መበላት ወይም ጎማው በሚቀመጥበት የውስጥ ጠርዝ ላይ የደረሰ ጉዳት ከተገኘ ሥራው እዚሁ ላይ ይቁም። «በይደው ይሰጡሃል» የሚል ምክር ቢያገኙም አይቀበሉ። ፋብሪካው አሉሚኒየሙን ያጠነከረው በሙቀት ሕክምና ነው፤ የብየዳ እሳት በነካው ዙሪያ ደግሞ ያ ጥንካሬ ይለሰልሳል። እንዲህ ያለ ቸርኬ መለወጥ አለበት።

የጭረቱን ጥልቀት ለመለየት ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አሻግረው ይሳቡ። ጥፍሩ ከተንሸራተተ ወይም ለአፍታ ብቻ ከተያዘ ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም ይበቃዋል። ጥፍሩ ገብቶ ከቆመና ጥልቀቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስቱኮ ያስፈልገዋል። ከዚያ ካለፈ ለባለሙያ ያሳዩት።

የቸርኬውን የገጽ ዓይነትም ይለዩ፤ ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ቀለም ለተቀባ ቸርኬ ነው። ገጹ በቶርኖ ተልጎ ጥቃቅን ክብ መስመሮች የሚታዩበትና በክሊር ብቻ የተሸፈነ ቸርኬ በእጅ ቢፈገፈግ መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ ይህን ዓይነቱን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ቶርኖ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን በየጊዜው ብረት ስለሚቀንስ ደጋግሞ አይሠራም። ክሮም የተነከረ ቸርኬ ሲላጥ ቅርፊቱ እንደ ምላጭ ጣት ይቆርጣል፤ አይንኩት። ተራ የብረት ቸርኬ ግን ከሁሉም ይቀላል፤ ዝገቱን ፈግፍጎ አንቲረስትና ቀለም መቀባት ነው።

ቀኑና ቦታው

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ለወሎ ደጋ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጣሳ ስፕሬይ ቀለሞች በደንብ የሚሠሩት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀትና በደረቅ አየር ነው፤ ሙቀቱ የሚለካውም በአየሩ ብቻ አይደለም፣ በብረቱም ጭምር ነው። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ቸርኬ ፀሐይ ከወጣች በኋላም ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል።

በአንድ የነሐሴ ቀን ዝናቡ ቆም ሲልልኝ ግቢዬ ውስጥ አንድ ቸርኬ ክሊር ቀባሁ። ሰማዩ ገልጦ ስለነበር አልሰጋሁም። ሁለተኛውን ንብር፣ ማለትም ሁለተኛውን ዙር ቅብ፣ እንደ ጨረስኩ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞላው፤ እንደ ውሃ ጠርቶ የነበረው ክሊርም ዓይኔ እያየ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት። ቲነሩ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የቀለሙ ገጽ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ በዚያ በቀዘቀዘ ገጽ ላይ ጤዛ ይቋጠርና ክሊሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሁለት ቀን የሠራሁትን በቁጥር 800 ወረቀት አውርጄ እንደገና ጀመርኩት።

ስለዚህ ደሴና አካባቢዋ ላይ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ በልግ አለ፤ በበልግ ቀን መርጦ መሥራት ቢቻልም የሰማዩን ጠባይ ማመን ያስቸግራል። በበጋውም ቢሆን የጠዋቱ ብርድና ጤዛ ስላለ ከቀኑ 4 ሰዓት በፊት ስፕሬይ አይንፉ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም ንብር አይጀምሩ። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለምትል ሰዓቱ ይሰፋል፤ ይሁንና ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ አቧራ ይዞ እርጥብ ቀለም ላይ ስለሚያርፍ እዚያ ጠዋቱን ይምረጡ። በሁለቱም ከተማ ንፋስ የማይመታው፣ ሆኖም አየር የሚዘዋወርበት ጥግ ይፈልጉ። ወለሉን ውሃ ይርጩበት፤ አቧራው እንዳይነሳ ያደርጋል። ስፕሬዩና ቲነሩ በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ የከሰል ምድጃና ሲጋራ በአካባቢው አይኑር።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ 240፣ 400 እና 800፣ ሁሉም ከውሃ ጋር የሚሠራ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጥሩ ጥርስ ያለው ደቃቅ ሞረድ፣ ባለ ሁለት ክፍል ስቱኮ ከማድረቂያው ጋር፣ የፕላስቲክ መለሰኛ፣ ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር፣ የቸርኬውን ቀለም የመሰለ ስፕሬይ፣ የክሊር ስፕሬይ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ አልኮል፣ የማይበጣጠስ የጥጥ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና ለቀለም ተን የሚሆን ማስክ ይዘጋጁ። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ተን አያግድም።

በፕራይመሩ ላይ ጥቂት ልቆይ። ቀለም መሸጫ ሄደው «ፕራይመር» ቢሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎት ለብረት በር የሚቀባው ቀይ ወይም ግራጫ አንቲረስት ነው። አሉሚኒየም ግን በተፈገፈገ በአፍታ ውስጥ በዓይን የማይታይ የኦክሳይድ ቆዳ ያበቅላል፤ ተራው አንቲረስት በዚህ ቆዳ ላይ በደንብ ስለማይይዝ ጥቂት ወራት ቆይቶ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይነሳል። ስለዚህ ጣሳው ላይ ለአሉሚኒየም እንደሚሆን የተጻፈበትን ኢፖክሲ ወይም ኤቺንግ (በአሲድ ገጹን ነክሶ የሚይዝ) ፕራይመር ይጠይቁ፣ ጽሑፉንም በዓይንዎ ያንብቡ። እዚህ ካጡት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ማስያዝ ይሻላል እንጂ በሌላ አይተኩት።

መፍታትና ማጽዳት

ክሪክ የሚገባው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። የግቢዎ መግቢያ ቢያዘነብል መኪናውን ወደ ደልዳላ ቦታ ይውሰዱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ ከማይነሳው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ያስቀምጡ። መሬቱ ኮብልስቶን ወይም አፈር ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ያንጥፉ። ቡሎኖቹን ጎማው መሬት እንደነካ ላላ አድርገው ከዚያ መኪናውን ያንሱ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይግቡ፤ ቸርኬው እየታደሰ መኪናው በተቀያሪ ጎማው ላይ ይቁም።

ለዚህ ሥራ ጎማውን ከቸርኬው ማውለቅ የግድ አይደለም፤ ጎሚስታ ቢያወልቅልዎት ግን ከንፈሩን ዙሪያውን ለመሥራት እጅግ ይቀላል። ከንፈሩ ላይ የተነከሰ፣ ጎማው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዞር የሚደረግ የባላንስ እርሳስ ካለና ሥራውን የሚያውክ ከሆነ ከመንቀልዎ በፊት ቦታውን ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ።

አሁን ቸርኬው በሚገባ ይታጠባል። በዚህ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት የማጽጃው ምርጫ ነው። አንዳንድ የመኪና አጣቢዎች ቸርኬ እንዲነጣ አሲድ፣ በረኪና ወይም ኮስቲክ ሶዳ ይቀቡበታል፤ ሦስቱም አሉሚኒየምን ይበላሉ፣ በተለይ ኮስቲክ ሶዳ የተራቆተውን ቦታ ሲነካ እያፈላ ያጠቁረዋል። ናፍጣ ደግሞ ቆሻሻውን ቢያነሳም ቅባት ይተዋል፤ በዚያ ቅባት ላይ የተነፋ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃና የቆየ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። ከደረቀ በኋላ በአልኮል በነከረ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ወዲያውም በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያንሱት፤ በአንድ ጨርቅ ብቻ ከተጠረገ ቅባቱ ከቦታ ቦታ ይዛወራል እንጂ አይወጣም።

መሞረድና መፈግፈግ

የሥራው ልብ ይህ ነው። የታደሰ ቸርኬ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጠባሳው የሚታየው በቀለሙ ጥፋት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ በመቸኮል ነው።

ድንጋይ አሉሚኒየምን ሲፍቅ ብረቱን ብቻ አይወስድም፤ የገፋውን ብረት በጭረቱ ዳርና ዳር ከፍ አድርጎ ያከማቻል። መጀመሪያ ይህን የተከመረ ጫፍ በደቃቅ ሞረድ ያውርዱ። ሞረዱን በከንፈሩ ቅስት ልክ እየዞሩ፣ ወደፊት ብቻ እየገፉ ይሥሩ፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ የሞረዱን ጥርስ ቶሎ ይሞላዋል፣ በየጊዜው በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉት። ዙሪያው ካለው ደህና ገጽ ጋር ሲስተካከል ያቁሙ፤ ጭረቱን በሞረድ ለማጥፋት ከሞከሩ ከንፈሩ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይፈጠራል፣ ይህም ከጭረቱ የባሰ ዓይን ይስባል።

ከዚያ ቁጥር 120 ወረቀት በእርጥቡ። ወረቀቱን በጣት ጫፍ ብቻ ከያዙት ጣትዎ ልክ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በቁራጭ ላስቲክ ወይም በጠንካራ ስፖንጅ ላይ ይጠቅልሉት። ውሃውን አይቆጥቡ። ሲፈገፍጉ የሚወርደው ግራጫ ውሃ ዱቄቱን ይዞልዎት ይሄዳል፣ ወደ ሳንባዎ የሚገባው አቧራም ይቀንሳል። የሚፈገፈገው ጭረቱ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ደህናው ቀለም እየዘለቁ ጠርዙን ያሳሱት። በትክክል ሲሠራ ከመሃል ወደ ዳር ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል፤ መሃሉ የሚያበራ እርቃን አሉሚኒየም፣ ቀጥሎ የፕራይመሩ ቀለበት፣ ቀጥሎ የቀለሙ፣ ከሁሉም ውጭ ደግሞ የደበዘዘው ክሊር። ቀለበቶቹ ሰፋፊ ከሆኑ ጠርዙ ሳስቷል። ቀጫጭንና የተጠጋጉ ከሆኑ ገና ደረጃ አለው ማለት ነው፤ በኋላ ክሊር ሲቀባ ያ ደረጃ እንደ መስመር ይወጣል።

ወደ ቁጥር 240፣ ከዚያ ወደ 400 ይሸጋገሩ። እያንዳንዱ ወረቀት የሚሠራው የፊተኛው የተወውን ጭረት ማጥፋት ብቻ ነው፤ ከ120 ዘልሎ 400 የያዘ ሰው ሰዓት ሙሉ ይፈግፍግ እንጂ የ120ውን መስመር አያጠፋውም። መጨረሻ ላይ ዓይንዎን ጨፍነው በቀጭን ጨርቅ የተሸፈነ ጣትዎን በቦታው ላይ ያሳልፉ። እርቃን ጣት ያለፈውን ጨርቅ የለበሰ ጣት ይይዘዋል፤ ጣትዎ ምንም ሳይሰናከል ከዳር ዳር ካለፈ ብቻ ይቀጥሉ። በነጭ ዝገት የተነሳ ክሊር በአካባቢው ካለ እስከ ደህናው ድረስ ተከትለው ያንሱት፤ አንድ ጥቁር ነጥብ ወይም አንድ የትል መስመር ከተረሳ ከአዲሱ ቀለም ሥር ይቀጥላል።

በመጨረሻ የቀረውን የቸርኬውን ገጽ በሙሉ፣ ጭረት የሌለበትንም ጭምር፣ በቁጥር 800 በእርጥቡ ያደብዝዙት። ለአንድ ቁራጭ ብቻ ቀለም ከመንፋት የአንዱን ቸርኬ ፊት በሙሉ መቀባት ይሻላል፤ የብርማ ቀለም ጥገና ከመሃል ተቆርጦ ሲቀር ሁልጊዜ ይታያል።

ስቱኮ

ጉድጓድ ላልቀረበት ይህን ይለፉት፤ ጉድጓድ ካለ ግን ስቱኮው የሚቀባው ከቁጥር 120 በኋላ፣ ወደ 240 ከመሸጋገር በፊት ነው። ስቱኮ መልክ ይሞላል፣ ጥንካሬ ግን አይጨምርም፤ ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ፣ ቸርኬው ከመኪናው ጋር በሚገጥምበት የጀርባ ገጽና በቡሎን መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይገባም። ገጹ በቁጥር 120 የሻከረና ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ማድረቂያው በክብደት ከስቱኮው 2 ከመቶ ገደማ ነው፤ ሲቀላቀል ጅራፍ ጅራፍ ቀለም ሳይቀርበት አንድ ወጥ ይሁን። በ20 ዲግሪ ሙቀት ለመቀባት ያለዎት ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ በደሴ ብርድ ጥቂት ይረዝማል፣ ይሁን እንጂ ለማፋጠን ብለው ማድረቂያ አያብዙ፣ ቀለሙን ያበላሻል። በስሱ፣ በሁለት ዙር፣ ከደህናው ገጽ ጥቂት ከፍ አድርገው ይለስኑት። ሲደርቅ በደረቁ ይፈግፍጉት፤ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም ውሃ በኋላ በቀለሙ ሥር አረፋ አድርጎ ይመልሰዋል። ስቱኮ ካለ ደግሞ ኤቺንግ ፕራይመርን ትተው ኢፖክሲውን ይጠቀሙ፤ የኤቺንጉ አሲድ ከስቱኮ ጋር አይስማማም።

ፕራይመር፣ ቀለም፣ ክሊር

ጎማውን ለመሸፈን ከማውቀው ዘዴ ሁሉ የሚበልጠው የመጫወቻ ካርታ ነው። ጎማውን ትንሽ ያስተንፍሱትና ካርታዎቹን በላስቲኩና በከንፈሩ መካከል እየተደራረቡ ዙሪያውን ይሰኩ፤ አንድ ደስታ 52 ካርታ ለአንድ አነስተኛ ቸርኬ ይበቃል፣ ካነሰም የደብተር ሽፋን ቆርጠው ይጨምሩ። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ጠቅልለው በገቡ ወረቀቶች፣ ቫልቩን በፕላስተር ይሸፍኑ። የቡሎን መቀመጫ ላይ ቀለም ካረፈ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቀለሙን ይጨፈልቃል፣ ከዚያም ይላላል፤ ስለዚህ ይህን መሸፈኛ አይናቁት። በአልኮል እንደገና ጠርገው፣ አሉሚኒየሙ ከተፈገፈገ ብዙ ሳይቆይ በዚያው ዕለት ፕራይመር ይንፉ።

ጣሳውን 2 ደቂቃ ሙሉ ይነቅንቁ። ከገጹ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ ከቸርኬው ውጭ ጀምረው ከቸርኬው ውጭ እየጨረሱ፣ እጅዎን ሳያቆሙ ያሳልፉ። የንብሩን ውፍረት ለወሎ ሰው በቡና ማስረዳት ይቀለኛል። በቡና አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ይከተላል፣ በረካው ይቀጥናል፤ በቀለም ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ንብር እንደ በረካ ስስ ሆኖ የሥሩ ገጽ እየታየ ይቅር፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ የሚሸፍነው ሦስተኛው ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በብርድ እስከ 20 ደቂቃ ያድርሱት። አቦሉን በመጀመሪያ የሚያፈስ ሰው ቀለሙ ሲወርድበት ያያል፤ ከወረደ በእርጥቡ አይንኩት፣ ደርቆ ይፈግፈግ።

ፕራይመሩ ሁለት ወይም ሦስት ንብር ተቀብቶ ጣሳው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲሞላ በቁጥር 800 በቀስታ ይታሻል። ቀለሙን ቸርኬው ላይ ከመንፋትዎ በፊት በካርቶን ላይ ሞክረው፣ ደርቆ ከሌላው ቸርኬ ጎን በፀሐይ ያስተያዩት፤ «ብርማ» የሚባለው አንድ ቀለም አይደለም፣ ነጣ ያለም ጠቆር ያለም አለ። ቀለሙን ሦስት ንብር ይንፉ። ብርማ ከሆነ የመጨረሻውን ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት እንደ ጉም አድርገው ያሳልፉት፤ የብርማ ቅንጣቶቹ እኩል እንዲተኙ ያደርጋል። ቀለሙ ማት፣ ማለትም ደብዛዛ፣ ሆኖ ሲደርቅ አይፈገፈግም፤ በዚያው ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ክሊሩ ይከተላል፣ እሱም ሦስት ንብር።

ክሊር ሁለት ዓይነት አለ። ተራው በራሱ የሚደርቅ ሲሆን ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል። ሌላው ማድረቂያ ከጣሳው ሥር ተጭኖ የሚለቀቅለት ነው፤ ጥንካሬው እጅግ ይበልጣል፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። ለተን የሚሆን ማስክና ክፍት አየር ከሌለዎት ተራውን ይጠቀሙ። የትኛውም መልክ ለሳንባ አይለወጥም። ካርታዎቹን የመጨረሻው ክሊር እጅ ሳይዝ ግን ከመጠንከሩ በፊት ያንሱ፤ ከጠነከረ በኋላ ሲነቀሉ ጠርዙን ይቀዳሉ።

መግጠምና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቸርኬው ቤት ውስጥ፣ አቧራ በሌለበት ጥግ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር፤ ደሴ ላይ እኔ 48 ሰዓት እሰጠዋለሁ። ሲገጥሙ የጀርባው ገጽና የቡሎን መቀመጫዎቹ ንጹሕ ብረት መሆናቸውን ይዩ። ቡሎኖቹን በእጅ አስገብተው በኮከብ ቅርጽ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ ያጥብቁ። ለኮሮላና ለቪትዝ መኪኖች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለሌላው የመኪናውን መጽሐፍ ይመልከቱ። ልክ የሚያሳይ መፍቻ ከሌለዎት መፍቻው ላይ በእግር ከመቆም ይልቅ መፍቻው ካለው ጎሚስታ ዘንድ ይሂዱ፤ ከልክ በላይ የተጠበቀ ቡሎንም ይበጠሳል። ያስተነፈሱትን ጎማ ንፋስ መሙላትና የተነቀለውን እርሳስ በምልክቱ መመለስ አይዘንጉ። የደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ያህል፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና በልካቸው ይፈተሹ።

ይህን ርቀት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተማ ውስጥ ይሙሉት እንጂ ሐረጎን አይውረዱበት። ፍሬን እየረገጡ በሚወረድ ረጅም ቁልቁለት የፍሬኑ ሙቀት ወደ ቸርኬው ይሻገራል፤ ያልጠና ክሊር ላይ የሚያርፈው ትኩስ የፍሬን ብናኝም ገብቶ ይቀራል። መውረድ ግድ ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘ ይውረዱ፤ ይህ ለቀለሙ ብቻ ሳይሆን ለፍሬኑም የሚገባው አወራረድ ነው። ለአንድ ወር ያህል ውሃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ ይንካው፤ መኪና አጣቢ ዘንድ ከሄዱም ቸርኬው ላይ አሲድና ናፍጣ እንዳይቀባ አስቀድመው ይንገሩ።

ጎማውን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ልክ ንፋስ ይሙሉት። ዳገት ላይ ሲያቆሙ ድንጋዩን ከጎማው ጎን አይወሽቁ፤ መሬት ከሚረግጠው የጎማ ጥርስ ትይዩ፣ ከመሃሉ ላይ ያስቀምጡት። ሲነሱም መኪናውን ጥቂት ወደ ዳገቱ ሳብ አድርገው ድንጋዩን አስቀድመው ያንሱት፤ የተረሳ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ጎማው ይንሸራተትና የሚወርደው በከንፈሩ ነው።